የቀሐ ማዶ ኳየር

«እርስዎ አባት ነዎት። ‹አይሆንም› ካሉ ማንም ከቃልዎ አይወጣም» አለ ሐብተ ማርያም፣ ወንበሩን ወደ ሟቿ አባት ወደ ዳኛው እያስጠጋ። «ነገ ያ ኳየር ከነመሣሪያው ሊመጣ ነው። ሐዘን ቤት ነው ወይስ ጭፈራ ቤት? አንድ ቃል ይበሉልንና ይብቃ።»

ዳኛው በመዳፉ የያዘውን ንፍሮ አልቀመሰውም። ከገጠር ቀዬው ከኮሶዬ ጎንደር የደረሰው ትናንት፣ ልጁ እጅጋየሁ በተቀበረች ማግስት ነው። ከቀሐ ወንዝ ማዶ፣ ተከራይታ ትኖርበት በነበረው ቤት ደጅ በተጣለው ድንኳን ውስጥ ከተቀመጠ ወዲህ ሰው ሁሉ እየመጣ «እግዜር ያጥናዎ» ይለዋል። ያ ሁሉ ሰው ከእሱ ይበልጥ ያውቃታል። ስለ እሷ ሲያወሩ የሌላ ሰው ልጅ ታሪክ የሚሰማ ይመስለዋል።

ሐብተ ማርያም ልጁ ትጸልይበት የነበረው የጴንጤዎች ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። ሃምሳ ዓመት የሆነው፣ ኮቱን እስከ ላይ የቆለፈ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው።

«ልጅዎን እኔ ራሴ አልጋዋ ድረስ መጥቼ ጸልዬላታለሁ» አለ። «በመጨረሻ ወደ እኛ ተመልሳለች፤ በሥርዓታችን ቀብረናታል። የኳየሩ ልጆች ግን ሀውስ የሚሉትን የናይት ክለብ ምት ከመዝሙር ጋር ደባልቀው ከአገልግሎት የታገዱ ናቸው። ድንኳኑም አግዳሚውም የእኛ ነው። ከዘመሩ እናነሳዋለን። እንዲህ ያለ ድምፅ በዚህ ደጅ እንዳይሰማ ነው የምንለው።»

ዳኛው ቀና ብሎ አየው። ይህን ቃል ያውቀዋል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እሱ ራሱ ብሎታል። እጅጋየሁ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኖ ነበር። ጎንደር ለትምህርት ሄዳ ሃይማኖቷን ለውጣ ተመለሰች ተብሎ አገሩ ሁሉ ሲያንሾካሹክ ከርሞ፣ አንድ ጠዋት ከብት እያለበች የማያውቀውን መዝሙር ስታዜም ሰማት። ቦርሳዋን ከአጥር ውጭ አስቀመጠና «ከእንግዲህ ድምፅሽ በዚህ ደጅ እንዳይሰማ» አላት። ቆማ ጠበቀችው። እሱ ፊቱን አዙሮ በሬዎቹን መጥመድ ጀመረ። ዞር ብሎ ሲያይ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

«መልሴን ነገ ይሰሙታል» አለው ሐብተ ማርያምን።

ይህን ጊዜ ታናሽ ወንድሙ ዋኘው ከውጭ በእጁ ጠራው። አብሮት ከኮሶዬ ቢመጣም የጴንጤ ድንኳን አልገባም ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ከአጥሩ ሥር ነው የዋለው።

«አያ፣ እንዳትሳሳት» አለው በሹክሹክታ። «ይህን አስዘፍነህ ብትመለስ ማን ለቅሶ ይደርስሃል? የንስሐ አባትህስ ምን ይሉሃል? ነገ በጠዋት እንሂድ።»

«ምነው፣ ልጄ አይደለችም እንዴ?»

«ያን ጊዜ ነበር ይህን ማለት» አለ ዋኘው። ወዲያው ባለው ነገር ደንግጦ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ዳኛው ተመልሶ ሲቀመጥ ዙሌይካ አጠገቡ ሻይ አስቀመጠች። የቤቱ ባለቤት ናት፤ የጨርቅ ሱቅ አላት። ሙስሊም ብትሆንም ለቅሶውን እንደ ቤተሰብ የምታስተናግደው እሷ ናት።

«ትንሽ ይቅመሱ፣ አያ ዳኛው። ባዶ ሆድዎን ነዎት።»

«አንቺ ዘንድ ስትመጣ እንዴት ነበረች?» አላት በድንገት።

ዙሌይካ መቀነቷን አጥብቃ ተቀመጠች። «አንድ ቦርሳ ይዛ መጥታ ሥራ ጠየቀችኝ። ሱቅ አስቀመጥኋት። ጨርቅ እየለካች ስታንጎራጉር ገበያተኛው መሄዱን ይረሳ ነበር። ኋላ ኳየር ገባች። አወቀ የሚባለው፣ በኋላ ባሏ የሆነው ልጅ፣ ያን ጊዜ ፒያሳ አካባቢ ጭፈራ ቤት ኪቦርድ ይጫወት ነበር። በቀን ሄዳ ‹መጥተህ ለኳየሩ ተጫወትልን› አለችው። ‹እኔ የማውቀው የጭፈራ ቤት ምት ነው› ሲላት ምን አለችው መሰለዎት? ‹እሱንም ይዘህ ና!›»

ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

«ወጣቱ ጎረፈላቸው። ሽማግሌዎቹ ግን ተቆጡ፤ አንድ እሑድ ድምፅ ማጉያውን አጥፍተው አስወጧቸው። ከዚያ የቀበሌ አዳራሽ እየተከራዩ ዘመሩ። ካሴት አወጡ። ባሕር ዳር፣ ደሴ፣ አዋሳ ድረስ ተጠሩ። ስትመለስ ግን እዚያች ደረጃ ላይ ተቀምጣ የኮሶዬን መንገድ ነበር የምታየው።»

ዳኛው ሻዩን አላነሳም። ዙሌይካ የማታውቀው አንድ ነገር ትዝ አለው።

ከአራት ዓመት በፊት በግ ሊሸጥ በሚኒባስ ወደ ጎንደር ሲወርድ ሹፌሩ ካሴት ከፍቶ ነበር። ከሥር ደረት የሚነቀንቅ ምት፣ ከላይ የሴት ድምፅ። ተሳፋሪው ሁሉ ወሬውን አቆመ። ዳኛውም ወደ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ «ሸጋ ድምፅ አላት፤ ማን ናት?» አለው። «የቀሐ ማዶ ኳየር ነው፣ አያ። መሪዋ የናንተው አገር ልጅ ናት፤ እጅጋየሁ ዳኛው።» ዳኛው «ወራጅ አለ» አለ። በጉን እየጎተተ የቀረውን መንገድ በእግሩ ሄደ። ይህን ለንስሐ አባቱም አልተናገረም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የልጁ ባል አወቀ መጥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል አልተለዋወጡም።

«ታማ ሳለች ሦስት ጊዜ ሰው ላክንብዎ» አለ። «በሩ በተንኳኳ ቁጥር ‹አባዬ ነው?› ትለኝ ነበር።»

«አውድማ ላይ ነበርኩ።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ?»

ጤፉ በመጀመሪያው ሳምንት ተወቅቶ አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ ጭዱን ሲከምርና ሲያፈርስ፣ ነገ እሄዳለሁ እያለ ነው የቆየው።

«ኩራት ነው» አለ ዳኛው። «ሌላ ምክንያት የለኝም።»

አወቀ አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ሐብተ ማርያም ‹ንስሐ ገብታ ኳየሩን ትታለች› አሉዎት፣ አይደል? መጸለያቸውስ እውነት ነው። አሜን ብላለች። እሳቸው እንደወጡ ግን ‹አዲሱ መዝሙር ፈጥኗል፤ ምቱን ትንሽ ዘግየት አድርገው› ነው ያለችኝ። ነገ የምንዘምረው እሱን ነው። እርስዎ ከከለከሉን ግን ከአባቷ ጋር አልጣላም።»

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። ኳየሩ፣ አሥራ አራት ሰው፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ በአንድ በኩል ቆመ። ሐብተ ማርያም አራት ጎረምሶች አስከትሎ ገባ። ዋኘው ከአጥሩ ሥር አንገቱን አሰገገ። ሰዉ ሁሉ ዳኛውን አየ።

ዳኛው ብድግ አለ።

«እኔ ልጄን በቃሌ አንድ ጊዜ አባርሬያታለሁ» አለ። «ሁለተኛ አላባርራትም። ይዘምሩ።»

«እንግዲያው ድንኳኑን እናነሳለን» አለ ሐብተ ማርያም።

«አንሱት። እኔ ሜዳ ላይ መቀመጥ የለመድኩ ገበሬ ነኝ።»

ጎረምሶቹ እርስ በርስ ተያዩና ገመዱን መፍታት ጀመሩ። አንዱ ጎን ሲወድቅ የታኅሣሥ ፀሐይ ለቀስተኛው ላይ ወረደ። ማንም አልተነሳም። አወቀ ጣቱን ኪቦርዱ ላይ አሳረፈ፤ ከድምፅ ማጉያው ምቱ ወጣ፤ ኳየሩ ገባበት። ጥቂት አሮጊቶች አማተቡ፤ አንዷ ተነሥታ ወጣች። ሐብተ ማርያም እጁን አጣምሮ ቆሟል። መዝሙሩ ከፍ እያለ ሄዶ እጅጋየሁ ብቻዋን የምትዘምርበት ቦታ ሊደርስ ሲል ድምፁ ሁሉ ቀጥ አለ።

መብራት ሄዷል። በዚያ ዓመት መብራት በፈረቃ ነበር።

አወቀ ቁልፎቹን ደጋግሞ ተጫናቸው። የኳየሩ አፍ እንደተከፈተ ቀረ፤ ከመካከላቸው አንዲቷ ልጅ ማልቀስ ጀመረች።

«ጌታ ራሱ ዘጋው» አለ ሐብተ ማርያም ቀስ ብሎ። ጎረምሶቹ ወደ ሁለተኛው ገመድ ሄዱ።

ያኔ ከፊት አግዳሚ ድው የሚል ድምፅ ተሰማ። ዳኛው እንደቆመ ነው። ቡጢውን ጨብጦ ደረቱን መታ። ደገመ። ደገመ። ዙሌይካ ሐዘኑ ገና አሁን የገነፈለበት መስሏት ሮጣ ክንዱን ያዘችው።

«ይብቃዎ፣ አያ ዳኛው፣ ይጎዳሉ…»

እጁ ግን የሚያብድ ሰው እጅ አልነበረም። በልክ ይወርዳል፣ በልክ ይነሳል። ዙሌይካ ምቱን ሰማችውና ክንዱን ለቀቀችው።

አወቀ ከኪቦርዱ ላይ ቀና አለ። ስታለቅስ የነበረችው ልጅ እንባዋን ጠርጋ የእጅጋየሁን ስንኝ ጀመረች፤ ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ሌሎቹ ደገፏት። ዳኛው መዝሙሩን አያውቀውም፤ አፉን አልከፈተም። እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ፣ ምቱ እንዳይጠፋባቸው፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ ደረቱን ይደቃ ነበር።