የበረንዳው ምሰሶዎች

ቤቱ ከቼሪ መንገድ ዝቅ ብሎ ብቻውን የቀረ ነበር። ግራና ቀኙ የነበሩት ቤቶች ፈርሰው ቦታቸው አስፋልት ለብሷል። ባለሁለት ፎቅ የእንጨት ቤት ሆኖ ጣሪያው ሾጣጣ፣ የላይኛው ግድግዳው በዓሣ ቅርፊት አምሳል በተቆረጡ ትናንሽ ጣውላዎች የተሸፈነ ነው። ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ አለው፤ የበረንዳውን ጣሪያ የሚሸከሙት በቶርኖ የወጡ አራት ምሰሶዎች ነበሩ፤ ወገባቸው ቀጠን፣ አንገታቸው ላይ ቀለበት ቀለበት ያለባቸው። ሲያትል በእሳት ወድማ እንደገና በተሠራችበት ዘመን የቆመ ቤት ነው። አሜሪካኖች የዚያን ጊዜ ቤት በእንግሊዟ ንግሥት ስም ቪክቶሪያን ይሉታል።

እትዬ እጅጋየሁና ባለቤታቸው ጋሼ ሀብተሥላሴ ቤቱን ተከራይተው ለብዙ ዓመት ኖረውበታል። እትዬ ምድር ቤቱን ዴይኬር አድርገውት ነበር። ሬድመንድ ቢሮ የሚያጸዱ፣ ሊንውድ ሱቅ የሚሠሩ እናቶች ጎህ ሳይቀድ ልጆቻቸውን እዚያ ያደርሳሉ። በፈረንጆቹ 1996 ክረምት አከራያቸው ሽማግሌው ሚስተር ሊንድኲስት ሞቱና ቤቱ ካሊፎርኒያ ለሚኖር የወንድማቸው ልጅ ደረሰ። እሱ ቤቱን አፍርሶ መሬቱን ለመኪና ማቆሚያ ሊሸጥ እንደሆነ በስልክ ነገራቸው። ለዴይኬር የሚሆን፣ ለልጆቹ ወላጆች የሚቀርብ ሌላ ቤት እትዬ ፈልገው አላገኙም።

በከተማው ሕግ አንድን ቤት ቅርስ ይሁን ብሎ ማንም ሰው ማመልከት ይችላል፤ ተከራይም ቢሆን። የቅርስ ቦርዱ ከተቀበለው ባለቤቱ ያለ ቦርዱ ፈቃድ ሊያፈርሰው አይችልም። እኔ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበርኩ፤ ግማሽ ቀን ደግሞ እንዲህ ዓይነት ጥናት የሚያዘጋጅ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። እትዬ ያገኙኝ ሙላው ግሮሰሪ ውስጥ ነው።

"ወንድምአገኝ ማለት አንተ ነህ? አሮጌ ቤት የምትጽፈው ልጅ?" አሉኝ።

"ነኝ መሰለኝ" አልኳቸው።

"እንግዲያው የእኔን ጻፍልኝ።"

ጥናቱ ሁለት ነገር ያስረዳል። አንደኛው ቤቱ ስለ ዘመኑ የሕንፃ ሥራ የሚናገረው ነገር አለ ወይ የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ከተሠራ ወዲህ ምን ያህል ሳይለወጥ ቆይቷል የሚለው። ብዙ ቤት የሚወድቀው ሁለተኛው ላይ ነው። ባለቤቶቹ መስኮቱን በአሉሚኒየም ይለውጣሉ፤ ግድግዳውን ፕላስቲክ ያለብሳሉ። ይኼኛው ግን እንዳለ ነበር።

"እግዜር ነፍሱን ይማረውና ሊንድኲስት ንፉግ ነበር" አሉ እትዬ። "አንድ እጀታ እንኳ ሳይለውጥ ነው የሞተው። ጠቀመን በለኛ።"

በመጀመሪያው ጉብኝቴ ቤቱን ለካሁ፣ ፎቶ አነሳሁ። ምሰሶዎቹ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ የዚያ ዘመን በረንዳዎች አብዛኞቹ ምሰሶዎቻቸውን ለዝናብ አስረክበዋልና ሳይነካ የቀረ ጥቂት ነው። እትዬ የበረንዳው ወለል ላይ ቆመው አንዲት ሕፃን ያስቀመጠችው ኳስ ወደ መንገዱ ሲንከባለል በእግራቸው አቆሙት።

"እዚህ ወለል ላይ ኳስ አይቆምም። ተበላሽቶ ይሆን?"

"አልተበላሸም እትዬ። ዝናቡ ወደ ውጭ እንዲወርድ ብለው ሆን ብለው ነው ዘቅዘቅ ያደረጉት።"

"እኔ ደግሞ ሀብተሥላሴን ነጋ ጠባ አስተካክል እያልኩ ስጨቀጭቀው።"

ስሰናበት የቦርዱ ሰዎች በሚቀጥለው ወር ቤቱን በዓይናቸው ሊያዩ እንደሚመጡ ነገርኳቸው።

"ምሳ ይበላሉ?" አሉ እትዬ።

"አይ፣ ቤቱን ብቻ ነው የሚያዩት።"

ጋሼ ሀብተሥላሴ ቀለሙ የተላላጠውን በረንዳ ቀና ብለው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋሼ ሶዶ በሚባለው የሲያትል የፋብሪካ ሰፈር የሚገኝ የማሸጊያ ሳጥን የሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ አናጢ ናቸው፤ ዝምተኛ ሰው።

የቦርዱ ሰዎች ሊመጡ አምስት ቀን ሲቀራቸው አንድ የጎደለኝን ፎቶ ለማንሳት ቅዳሜ ጠዋት ተመለስኩ። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ሳልወርድ ትንሽ ቆየሁ። ቤቱ ክሬም ቀለም ተቀብቷል። በረንዳው ላይ አራት አዳዲስ፣ ቀጥ ያሉ፣ ባለአራት ማዕዘን ነጫጭ ምሰሶዎች ቆመዋል።

ጋሼ ብሩሻቸውን እንደያዙ ሊቀበሉኝ መጡ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

"እንዴት ነው? ጠበቅኸው ወይስ አልጠበቅኸውም?"

"ጋሼ፣ ምንድን ነው የሠሩት?"

"እንግዳ ሊመጣ ነው አላልክም? ሶ፣ የከተማው ሰዎች በተላላጠ በረንዳ ላይ ነው እንዴ የሚገቡት? ቫኬሽን ወስጄ ሠራሁት። ለአንተ ሰርፕራይዝ ይሁን ብላ ኮል እንዳላደርግልህ የከለከለችኝ እሷ ናት።"

እትዬ በሩ ላይ ሆነው እየሳቁ ነበር። ፊቴን ሲያዩ ሳቃቸውን አቆሙ።

ቀለሙ ችግር እንደሌለው ነገርኳቸው፤ ቀለም መቶ ጊዜ ቢቀባ ቤቱን አይለውጠውም። ምሰሶዎቹ ግን ጥናቱ ውስጥ ዋናው ነገር ናቸው፤ ያለ እነሱ ቦርዱ ይህ በረንዳ የዛሬ ነው ይላል። ማመልከቻችንን የሚቃወመው የሊንድኲስት ወንድም ልጅ ጠበቃም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እትዬ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

"አሮጌዎቹ የት ናቸው? ተጣሉ?" አልኩ።

"እንጨት ይጣላል እንዴ?" አሉ ጋሼ። "ለቤተ ክርስቲያን ሰጠኋቸው። የመቅደሱ መጋረጃ ማቆሚያ አልነበረውም።"

እትዬ ከደረጃው ብድግ አሉ።

"ፎቶ አንስተህ የለ?" አሉኝ። "እሱን አስገባው። ሰዎቹ ሲመጡ ለቀለም ብለን ነው ያነሳናቸው እንላለን።"

"የት አሉ ሲሉንስ?"

"አንተ ደግሞ፣ ወርክሾፕ ናቸው ይባላላ።"

"እትዬ፣ ጥናቱ ውስጥ አንድ የማይሆን ነገር ከተገኘ የቀረውንም አያምኑትም። እኔም ያላየሁትን አልጽፍም።"

"ቤቱ ሲፈርስ ታዲያ እውነትህን የት ታቆመዋለህ? ሰማይ ላይ?"

የሚበጀው ቤተ ክርስቲያን ሄደን ምሰሶዎቹ ይመለሱልን ብሎ መጠየቅ ነው ስል ጋሼ ብሩሻቸውን አስቀመጡ።

"ለታቦት የሰጠሁትን መልሱልኝ ልል? አይደረግም። እኔ አፌም አይለው።"

"እኔ እለዋለሁ" አሉ እትዬ።

"አንቺማ ምን ይሳንሻል።"

የዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ ሕንፃ አልነበራትም፤ የፈረንጆች አዳራሽ ተከራይታ ነበር የምትቀድሰው። ዲያቆናቱ ቅዳሜ ከሰዓት መጋረጃውን ይተክላሉ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይነቅላሉ። ስንደርስ መትከሉን ጨርሰው ሄደዋል። አራቱ ምሰሶዎች የመጋረጃውን ዘንግ ተሸክመው አዳራሹ ፊት ለፊት ቆመዋል፤ ቀጭን ወገባቸውን አይቼ ወዲያው ለየኋቸው። ቄሰ ገበዙ አባ መንግሥቴ ወንበር ሲደረድሩ አገኘናቸው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዕቃ በሙሉ በእሳቸው እጅ ነው። እትዬ መስቀል ተሳልመው ነገሩን ከቤቱ መፍረስ ጀምረው አስረዱ። ጋሼ በሩ ጋ ቀርተዋል።

አባ እስኪጨርሱ ሰሙ።

"ሀብተሥላሴ፣ ና ግባ። ሌባ ይመስል በር ላይ ምን ያቆምሃል?" አሉ። "አዲሶቹን ምሰሶዎች ማን ሠራቸው?"

"እኔ ነኝ አባ።"

"እንጨቱ ጥሩ ነው?"

"ደህና ሴዳር ነው። አንድ ጉጥ የለበትም።"

"አሃ። ጉጥ የሌለበት አዲሱ ለከተማ ሹማምንት፣ ዘመን የጠገበው ለመድኃኔዓለም። ቃየልም ይህን ያህል አልደፈረም።"

እትዬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ጋሼ መሬት መሬት አዩ።

"አባ፣ እኔ እንኳ ጠንካራ ናቸው ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ቅብዓ ሜሮን ቢነካቸው ኖሮ ይህን ወሬም አንጀምረውም ነበር። አልነካቸውም። ቢሆንም የተሰጠን እንዲሁ አንመልስም። ብቻ በሚሻል ዕቃ ይለወጣል፤ በሚያንስ ግን አይለወጥም።" ወደ እኔ ዞሩ። "የተማርከው አንተ ነህ። ንገረኝ፤ የትኛው ይሻላል፣ አዲሱ ወይስ ይኼ?"

አዲሱ ይሻላል ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ነገር ግን በጥናቱ ላይ ስለ አሮጌዎቹ በከተማው አምሳያቸው ጥቂት ነው ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሮጌው ይሻላል ብል ደግሞ ምሰሶዎቹ እዚያው ይቀራሉ። እትዬ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሱም።

"ትንሽ ልያቸው አባ" አልኩና ተንበረከክሁ።

ከእያንዳንዱ ምሰሶ ሥር የተጣጠፈ ካርቶን ተወትፏል።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ያዘነብላሉ" አሉ አባ። "ልጆቹ በየሳምንቱ ካርቶን ይወትፋሉ። ባለፈው እሑድ ወንጌል ሲነበብ አንዱ መጋረጃውን ይዞ ሊመጣብን ነበር።"

"ግርጌያቸውን አስተካክላለሁ እያልኩ ጊዜ አጥቼ ነው" አሉ ጋሼ።

ካርቶኑን ሳብ አድርጌ በእጄ ዳሰስኩ። የምሰሶው ግርጌ በሰያፍ ተቆርጧል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም አራተኛውም እንዲሁ፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሰያፍ። የሚንከባለለው ኳስ ትዝ አለኝ።

"አባ፣ የዚያ በረንዳ ወለል ዘቅዘቅ ያለ ነው። ምሰሶዎቹ የተቆረጡት በእሱ ልክ ነው። እዚያ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ እዚህ ካርቶን ይፈልጋሉ።"

"ቢቆረጡስ? ጉዳዩ የመጋዝ ነው።"

"ይቻላል። ከተቆረጡ ግን ወደዚያ ቤት መመለሻ የላቸውም። የቤቱ ለመሆናቸው ምስክሩ ይህ ነው።"

"ጥያቄዬን አልመለስክም።"

"በዕድሜም በእጅ ሥራም እነዚህ ይበልጣሉ፤ አልዋሽዎትም። መጋረጃ ለመያዝ ግን አዲሶቹ ይሻላሉ፤ እነሱን ቀጥ አድርጎ ቢቆርጧቸው የሚጎዳ ነገር የለም።"

አባ ምሰሶውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ተወዛወዘ። ዘንጉ ላይ ያለው መጋረጃም አብሮ ተወዛወዘ። በእጃቸው ይዘው ዝም እስኪል ጠበቁ።

"እኛ የምንፈልገው መጋረጃ የሚይዝ ነው" አሉ። "ሀብተሥላሴ፣ የአዲሶቹን ግርጌ አስተካክለህ፣ በእያንዳንዱ ላይ መስቀል ቀርጸህ አምጣ። የተቸኮለ መስቀል አልቀበልም። እነዚህን የነገው ቅዳሴ ሲያልቅ ውሰዱ። እስከዚያ እኛ በብረት ቱቦ እንቆያለን፤ ከዚህ በፊትም ቆይተናል።"

እሑድ ከሰዓት ጋሼ ከመካኒክ ጓደኛቸው የመኪና ማንሻ ክሪክ ተውሰው የበረንዳውን ጣሪያ ከፍ አደረጉ። አንድ በአንድ አዲሱን አውጥተን አሮጌውን መለስን። መጀመሪያ ሁለቱን አቀያይረናቸው ነበር፤ ጣሪያው ሲወርድ አልገጥም አሉ። ስናስተካክላቸው ወለሉ ላይ እንደ ክዳን ቁጭ አሉ። ጋሼ ግርጌውን በመዳፋቸው ዳብሰው "ሰውየው አናጢ ነበር" ብቻ አሉ።

ቤቴ ገብቼ ጥናቱ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመርኩ። ምሰሶዎቹ በፀደይ መነሳታቸውን፣ ለጥቂት ሳምንታት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋረጃ መያዛቸውን፣ ለዘንጉ የተመቱ ምስማሮች ቀዳዳ መተዋቸውን፣ የጧፍ ሰም እንደተንጠባጠበባቸው፣ ወደ ቦታቸው መመለሳቸውን ጻፍኩ። እትዬ በስልክ ሳነብላቸው "እሱን እንኳ ባትጽፈው ምን ነበረበት" አሉ፤ ግን ሰርዝ አላሉኝም።

የቦርዱ ሰዎች ሐሙስ ጠዋት መጡ። አንዲት ፀጉሯ የሸበተ አርክቴክት ምሰሶዎቹ ጋ ረጅም ጊዜ ቆየች። አንዱን በጥፍሯ ፈገፈገችና ወደ እኔ ዞረች።

"ይህ ሰም ነው?"

"ጧፍ ነው። መጨረሻው አንቀጽ ላይ ተጽፏል።"

እዚያው ቆማ አነበበች። ከዚያ ጋሼን ለምን እንዳነሷቸው ጠየቀቻቸው።

"እናንተ ትመጣላችሁ ስለተባለ" አሉ ጋሼ በእንግሊዝኛ።

"ስንመጣ በር የሚዘጉብን ብዙ ናቸው" አለች። "አዲስ ምሰሶ የተከለልን ግን የመጀመሪያው አንተ ነህ።"

በስብሰባው ቀን የወንድምየው ልጅ ጠበቃ የጨመርኩትን አንቀጽ ጮክ ብሎ አነበበው። በተከራዩ አንደበት እንኳ በረንዳው ተነቅሎ እንደተተከለ የታወቀ ነው፤ ይህ ከቅርስ አይቆጠርም አለ። እትዬ ከጎኔ ተቀምጠው ክንዴን ጨመቁት፤ በጥፍራቸው። ያቺ አርክቴክት ግን ተራዋ ሲደርስ የግርጌዎቹን ፎቶ ከፍ አድርጋ አሳየች። በዚህ ሰያፍ የተቆረጠ ምሰሶ ከዚህ ወለል በቀር ሌላ ቤት የለውም አለች፤ መነሳቱን የነገሩን ደግሞ ራሳቸው አመልካቾቹ ናቸው አለች። ድምፅ ተሰጠ። ቤቱ በጠባብ ብልጫ አለፈ። ማፍረስ ሲከለከል የወንድምየው ልጅ ሌላ የሚያደርገው አልነበረውምና በበጋ የእትዬን የኪራይ ውል አደሰ።

መስቀል የተቀረጸባቸው ምሰሶዎች አዳራሹ የደረሱት ያኔ ነበር። አባ መንግሥቴ አንዱን መስቀል አልወደዱትም ተብሎ ጋሼ ደግመው ቀርጸውታል።

በመጸው አንድ ቀን ጋሼ ቢሮዬ ኮል አደረጉ።

"ወንድምአገኝ፣ ከበረንዳው አንድ ጣውላ ላልቷል። አንድ ምስማር ልምታበት ወይስ ቦርዱን ላስፈቅድ?"

"አንድ ምስማርማ ችግር የለውም ጋሼ።"

"ኦኬ። እሱን በጽሑፍ ላክልኝ።"

ከኋላቸው የልጆች ጫጫታ ይሰማል። መሃል ላይ የእትዬ ድምፅ፣ ኳሱ መንገድ ሳይገባ አንዳችሁ ያዙት ይላል።