ከታች እስከ ሰበር

ልብስ ሰፊዋ እህቷ ስትሞት ልጇን ገና ጡት ሳትጥል ተረከበች። ልጅቱ ከማነሷ የተነሳ ሰፈሩ «ድንቢጥ» አላት፤ ስሙም በዚያው ጸና። አባትየው የከባድ መኪና ሾፌር ነውና ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እያለ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነበር። ድንቢጥ አሥራ ሁለት ሲሞላት ግን ሚስት አገባ፣ ቤት ሠራ፣ መንገዱንም ተወ። አንድ ቀን ከሱቋ በር ላይ ቆሞ፣

«እህቴ፣ ውለታሽን ምድር አይችለውም። ልጄን ግን ልውሰድ» አላት።

«ልጅህ መሆኗን ዛሬ ነው የሰማኸው?» አለችው፣ እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ ሳታነሳ።

ከሰሳት።

የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ከገበያው ጀርባ ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ዝናብ ሲጥል ጣሪያው ከዳኛዋ በላይ ስለሚናገር ችሎቱ እስኪያባራ ይጠብቃል። ዳኛዋ ድንቢጥን ለብቻዋ ቢሮ አስገብታ አነጋገረቻት። ልጅቱም «እቴቴ ጋ ነው የምኖረው» አለች። ለልብስ ሰፊዋ ተፈረደላት።

«ቶሎ አትደሰቺ» አላት ጠበቃዋ፣ ጥርሰ ፍንጭቱ ሽማግሌ። «ፍርድ ቤት እንደ ፎቅ ነው፤ ታች የተረታ ላይ ይወጣል።»

አባትየው ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወጣ። እዚያ ዳኞቹ ሦስት ናቸው። ልጅቱን የጠየቃት የለም። ወላጅ አባት በሕይወት እያለ፣ ማሳደግም እየቻለ፣ ልጅ ከአክስት ጋር የምትኖርበት ምክንያት አልታየንም ብለው የታችኛውን ፍርድ ሻሩት። ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን የድንቢጥን ቀሚሶች ጠርዝ ፈትታ አስረዘመች፤ ልጅ አይደለች፣ ታድጋለች። ከዚያ አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ከተተቻቸው።

«አለቀ ማለት ነው?» አለችው ጠበቃውን።

«ቢያጸኑት ኖሮ ያልቅልሽ ነበር። ስለሻሩት ግን አንድ ለአንድ ናችሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሁለተኛ ይግባኝ ይሰማሻል።»

ቀጠሮ ቀጠሮን ወለደ። ታች «ተከሳሽ»፣ ከፍተኛው ላይ «መልስ ሰጪ»፣ ጠቅላዩ ላይ «ይግባኝ ባይ» ተባለች። ድንቢጥ አባቷ ዘንድ ሄዳለችና «እቴቴ» የሚላት የምታገኘው እሁድ እሁድ ብቻ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ልጅቱን ጠይቃ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ታለቅስ ነበር። በኋላ አንድ እሁድ ፊቷን ልትጠርግ መሐረቧን አወጣችና የሚጠረግ ነገር አጣች። መሐረቡን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

ጠቅላዩ ለእሷ ፈረደ። ጎረቤቷ እልል ልትል አፏን ስትከፍት «ተይው፣ ጉሮሮሽን አትድከሚ» አለቻት። እውነቷን ነበር። አባትየው ወደ ሰበር ሰሚ ችሎት አመለከተ፤ ጉዳዩ እስኪታይም ልጅቱ እሱ ዘንድ እንድትቆይ እግድ አወጣ።

«ሰበር ደግሞ ምንድን ነው?»

«የመጨረሻው ነው» አለ ጠበቃው። «አምስት ዳኞች አሉ። ምስክር አይሰሙም፤ ልጅቱን ማን ይወዳታል አይሉም። የታችኞቹ ሕጉን ስተውት እንደሆነ ብቻ ነው የሚያዩት።»

«እኔስ እዚያ ምን እባላለሁ?»

«ተጠሪ።»

«እሺ።»

መዝገቡ ቆይቶ ቆይቶ ሲጠራ ድንቢጥ ከአባቷ አጠገብ ቆማለች፤ በቁመት በልጣዋለች። መሐል ዳኛው ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ አነበበ፦ ልጅቱ በክርክሩ መሐል አሥራ ስምንት ዓመት ስለሞላት፣ ማን ያሳድጋት የሚለው ክርክር የሚወሰንለት ነገር የለውም፤ መዝገቡ ተዘግቷል። ቀጥሎ ሌላ መዝገብ ተጠራ።

ደረጃው ላይ ሦስቱም ቆሙ። አባትየው ባርኔጣውን በእጁ ያዟዙራል፤ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፣ ሽበት ወሮታል።

«እንግዲህ ጨረስን፣ አይደል እህቴ?» አለ።

«ጨረስን።»

ድንቢጥ አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች። «እቴቴ፣ እኔ እዚያ ለምጄዋለሁ» አለች። «ትምህርት ቤቴም ጓደኞቼም እዚያ ናቸው። ቅዳሜ መጥቼ ግን አድራለሁ።»

ልብስ ሰፊዋ ደረቷ ውስጥ የሚሰበር ነገር ጠበቀች። ምንም አልመጣም። «ይሁን፣ ልጄ» አለች፤ ኮሌታዋ ተጣጥፎ ነበርና አቃናችላት። ከዚያ ሱሪ የምታሳጥርለት ደንበኛ ነበራትና ወደ ሱቋ ሄደች።

ቅዳሜ ድንቢጥ መጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ቤቱን ዞር ዞር እያለች አየችው። ከዚያ፣

«እቴቴ፣ ውሃ መጠጣት እችላለሁ?» አለች።

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ልጅቱ በዚህ ቤት ውሃ ለመጠጣት ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም።

«ብርጭቆው ከላይኛው መደርደሪያ ነው» አለቻት፣ እንግዳ እንደሚነገረው፤ ስፌቷንም ቀጠለች።