ጥቁርና ነጩ ሬልያ

ሬልያ ሳይሞት ከተማው በሙሉ አለቀሰለት! እውነቴን ነው! ልጁ ቪየና ቁጭ ብሎ ሳንድዊቹን ሲገምጥ፣ እዚህ እኛ ጋ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ሻማ በርቶለት፣ አበባ ተቀምጦለት፣ «ነፍስ ይማር፣ ምን የመሰለ ልጅ ነበር!» እየተባለለት ነበር። የገደለችው ደግሞ ማን መሰላችሁ? ዱንያ! ሬልያ የሚል ስም ሲጠራ እንኳን ጆሮዋ የሚቀላው ዱንያ! ያውም በአንዲት ቁልፍ!

ቆይ ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኛ ከተማ ትምህርት የሚጨርስ ክፍል ሁሉ ታብሎ ያሰራል። የሁሉም ተማሪ ፎቶ ከነስሙ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ላይ ይደረደርና ሱቅ መስኮት ላይ ይሰቀላል። ግንቦት ሲገባ ጫማ ቤቱም መድኃኒት ቤቱም ዳቦ ቤቱም ታብሎ በታብሎ ነው። አሮጊቶቹ ከመስኮት መስኮት እየዞሩ «ይሄ የማን ልጅ ነው? አፍንጫው ቁርጥ የአያቱ!» ይላሉ። እዛ ላይ ከሌለህ በቃ የለህም። እዚህ አላደግክም፣ ቲሞክ ወንዝ ውስጥ አልዋኘህም፣ ማንም አያውቅህም።

ሬልያ ደግሞ ጥር ላይ ሄደ። አባቱ ቪየና የግንባታ ሥራ አገኘ፣ ፍራሹን መኪናው ጣሪያ ላይ አሰሩት፣ ሄዱ። እሱና ዱንያ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። እወድሻለሁ፣ እወድሃለሁ የሚባል ነገር የለም፤ ግን እሱ ማስቲካ ሲገዛ ግማሹን ሳይጠየቅ ይቆርስላት ነበር። እኔ ከዚህ በላይ ፍቅር አላውቅም። እናንተ ታውቃላችሁ?

መጀመሪያ መጀመሪያ ረጅም ረጅም የድምፅ መልእክት ይልክላት ነበር። ቀጥሎ አጭር ሆነ። ቀጥሎ «እሺ» ብቻ። ቀጥሎ አውራ ጣት ብቻ። ቀጥሎ ምንም።

ታዲያ ክፍል ውስጥ «ታብሎውን ማን ይሥራው?» ሲባል ዱንያ እጇን ቀስራ ተገኘች። በሕይወቷ አንድ ፎቶ አስተካክላ አታውቅም እኮ! ግን የሚሠራው ሰው ነዋ ማን እንደሚገባ የሚወስነው።

ጓደኛዋ ስላቪና አንድ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ጫነችላት። «ለጀማሪ የተሠራ ነው፤ ሞኝ እንኳን አይሳሳትበትም» አለቻት።

«ሞኝ አይሳሳትበትም ማለት እኔም አልሳሳትበትም ማለት ነው እንዴ?»

«አንቺማ ከሞኝ ትብሻለሽ፤ ቁጭ በይ!»

የመጀመሪያው ቀን እልቂት ነበር። የሳቫን ጆሮ ቆረጠችው። ቆዳ የሚያለሰልሰውን ነገር ጎትታ ጎትታ ቴዎድራን የተላጠ እንቁላል አስመሰለቻት። ከጀርባ ያለውን ግድግዳ አጥፋ የሚለውን ስትጫን፣ ፕሮግራሙ ከግድግዳው ጋር የክፍል ኃላፊያቸውን ነጭ ፀጉር ጠራርጎ ወሰደው፤ መምህርት በራ ሆነው ፈገግ ብለው ቀሩ። ስላቪና ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መሬት ላይ ተንከባለለች።

ከዚያ ዱንያ «ወደኋላ መልስ» የሚለውን ቁልፍ አገኘች። ወይ ደስታ! አንዴ ስትጫን ፀጉር ተመለሰ። አንዴ ስትጫን ጆሮ ተመለሰ። ዝም ብላ እየተጫነች ትንሽ ቆየች። እንደዚህ ተጭና ተጭና እስከ ጥር መድረስ ቢቻል፣ ያ መኪና በኋላ ማርሹ ወደ ግቢው ሲገባ፣ ፍራሹ ከጣሪያው ሲወርድ፣ እሱ ከመኪናው ወርዶ በሩን ሲዘጋው ታያት።

«ምን ሆንሽ?» አለች ስላቪና።

«ምንም። ይሄ ንብርብር የሚሉት ነገር አልገባኝም።»

«የአይብ ጊባኒጻ በልተሽ አታውቂም? ስስ ሊጥ በስስ ሊጥ ላይ፣ ስስ ሊጥ በስስ ሊጥ ላይ። ፎቶውም እንደሱ ነው። የላዩን ብታነሺው የሥሩ አይነካም። ይቺ ዓይን የምትመስለውን ስትጫኛት አንዱ ሊጥ ይደበቃል፤ እንደገና ስትጫኛት ይመጣል።»

«አይቡስ የታለ?»

«አይቡ አንቺ ነሽ! ሥሪ አሁን!»

ሠራች፣ አይገርማችሁም? በሳምንቱ ጎበዝ ሆነች። ሁሉም ተማሪ ትምህርት ቤቱ ግቢ፣ ሊንደን ዛፉ ሥር የተነሳውን ፎቶ አንድ በአንድ አጸዳች፣ ደረደረች። የቀረ ሬልያ ብቻ። «ፎቶ ላክልኝ፣ ለታብሎ ነው» ብላ ጻፈችለት። አነበበው። መልስ የለም።

ስለዚህ ያለፈው ክረምት ባዛር ላይ፣ በሰንሰለት የተንጠለጠሉት የመጫወቻ ወንበሮች ሲሽከረከሩ ያነሳችውን ፎቶ አወጣች። እየሳቀ ነው፣ ፀጉሩን ነፋስ በትኖታል፤ ችግሩ የመጫወቻው መብራት ፊቱን አረንጓዴ አድርጎታል። እንደ እንቁራሪት! በመጀመሪያ ከጀርባው ካለው ሕዝብ ለይታ ቆረጠችው። ከሰዓቱን በሙሉ ፀጉሩን ዘለላ በዘለላ እየተከተለች በመስመር ዞረችው። ነክታው የማታውቀውን ፀጉር! አስቡት እስቲ! አንዲት ዘለላ ግንባሩ ላይ የተጠመዘዘች አለች፤ እሷ ላይ ስትደርስ ትንፋሿን ያዘች።

አረንጓዴው ግን አልለቅ አለ። አንዱን ስትጎትት ብርቱካን ይሆናል፣ ሌላውን ስትጎትት ሰማያዊ። ተስፋ ቆርጣ «ጥቁርና ነጭ» የሚለውን ተጫነች። በማርያም! የድሮ የሲኒማ ተዋናይ ሆኖ ቁጭ! ዳር ዳሩ ላይ በደንብ ያልተቆረጠው እንዳይታይ ደግሞ ቀጭን ጥቁር ፍሬም አደረገችበት። ከሥር፣ መሀል ላይ፣ ከሳቫና ከራሷ መካከል አስቀመጠችው። አቤት ማማሩ! ስክሪኑን ልትስመው ምንም አልቀራት።

ከተማው ግን ያየው ተዋናይ አይደለም። እኛ ጋ ጥቁር ፍሬም ያለው ጥቁርና ነጭ ፎቶ ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሰው ሲሞት እሱ ነው በየምሰሶው፣ በየዛፉ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር የሚለጠፈው። ዱንያ ራሷ በየቀኑ በሥሩ ነው የምታልፈው! ግን አላሰበችውም። እሷ ያየችው ያቺን ዘለላ ብቻ ነው።

ዳቦ ጋጋሪው ቺካ ቦጎሉብ፣ ቺካ እኛ ጋ አጎት እንደማለት ነው፣ ታብሎውን አርብ ከሰዓት መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ቅዳሜ ጠዋት ሻማ ነበር። ቢጫ፣ ቀጫጭን ሻማ። ጽጌረዳውም ጥንድ ጥንድ ነው፤ እኛ ጋ አበባ ለሕያው ሰው በጎዶሎ ቁጥር፣ ለሟች በጥንድ ነዋ የሚሰጠው።

የሬልያ አያት ባባ ስታሜና ዳቦ ሊገዙ መጡ። ቺካ ቦጎሉብ ቆቡን አወለቀ።

«ባባ ስታሜና፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«ምኔን ነው የሚያጸናው? ጉልበቴን ከሆነ ዘግይቷል።»

«እንዴት ያለ ወጣት!»

«ማነው ወጣት?»

ዞር ሲሉ መስኮቱን አዩ። ዘንቢላቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ደብቀውኝ ነው!» ብለው ጮኹ። «ልጄን ደብቀውኝ ነው!» ወደ ቪየና ደወሉ፤ አባቱ ሕንጻ ላይ ስለሆነ አላነሳም። እንደገና ደወሉ፤ አላነሳም። ባለማንሳቱ ደግሞ ሁሉም ሰው አረጋገጠ።

ስላቪና ለዱንያ ደወለች። «አንቺ! ሬልያን ገደልሽው!»

ዱንያ በነጠላ ጫማ እየሮጠች ስትደርስ ባባ ስታሜና የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠው፣ ሦስት ሴቶች ያራግቡላቸዋል።

«ባባ፣ አልሞተም! ቁልፍ ነው! እኔ ነኝ ተጭኜ!»

«ምን ተጭነሽ?»

«ጥቁርና ነጩን! ፊቱ አረንጓዴ ስለነበር!»

«አረንጓዴ?!» ባባ ስታሜና ደረታቸውን መቱ። «ታሞም ነበር እንዴ?!»

ኧረ እንዴት ይብራራ ይሄ! ደግነቱ ያኔ ስልካቸው ጮኸ። ራሱ ሬልያ፣ በቪዲዮ! ባባ ስታሜና ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት።

«ባባ፣ የማየው ጆሮሽን ነው።»

«ሕያው ነህ?»

«ሳንድዊች እየበላሁ ነው።»

«ደረቅ ነገር? ሾርባ የሚሠራልህ ሰው ጠፋ?» አሉና ማልቀስ ጀመሩ። ከዚያ ተነሱ፣ ዱንያን በዘንቢላቸው አንዴ አቀመሷት፣ ወዲያው ግንባሯን ሳሟት፣ ስልኩን ሰጧት። «እንካ፣ ገዳይህን አነጋግር!»

ዱንያ ስልኩን ይዛ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ሄደች። ፀጉሩን ተላጭቷል። ያን ሁሉ ዘለላ! ግን ሳቁ ያው ነው።

«ቆንጆ ሬሳ ነበርኩ?»

«በጣም። ከሁላችንም ታምር ነበር።»

ሳቁ፣ ሳቁ። ከዚያ እሱ ሳንድዊቹን አስቀመጠ።

«ዱንያ፣ አውጪኝ።»

«በቀለም አደርግሃለሁ! አሁኑኑ ቤት ሄጄ...»

«አይደለም። ጭራሽ አውጪኝ። እዚህ ቋንቋ አይችልም ብለው ሁለት ክፍል ዝቅ አደረጉኝ፤ ከሕፃናት ጋር ነው የምማረው። እናንተ ጨረሳችሁ፣ እኔ አልጨረስኩም። ሰው መስኮቱ ጋ ቆሞ 'የስታሜና ልጅ ጨረሰ' ሲል ውሸት ነው። አፍራለሁ። ፎቶ ያልላክሁልሽም ለዚህ ነው።»

«ዝም ያልከኝስ?»

ወደ ጎን አየ። «ድምፅሽን ከሰማሁ ቀኑን ሙሉ መመለስ ነው የሚያምረኝ። ሥራም ትምህርትም አልችልም።» ከጀርባው አንድ ሰው በጀርመንኛ ጠራው። «በቃ፣ ልሂድ» አለና ጠፋ።

ቺካ ቦጎሉብ ታብሎውን አወረደው። ማተሚያ ቤት ያለችው ሴትዮ «አስተካክለሽ ላኪ፣ ደግሜ አትመዋለሁ» አለች።

ዱንያ እሁድ ከምሳ በኋላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። እስካሁን አይታት የማታውቅ አንዲት ማንሸራተቻ ከሥር ተደብቃ አገኘች፤ ከአረንጓዴ ወደ ሮዝ የምትሄድ። ጥቁርና ነጩን አነሳችና ያቺን ትንሽ፣ ትንሽዬ ገፋ አደረገቻት። እናላችሁ ሬልያ መጣ! ከንፈሩ ቀላ፣ አገጩ ላይ ያለችው ጠባሳ ታየች፣ ዓይኑ እንደ ቲሞክ ውኃ ቡናማ ሆነ። አፉን ከፍቶ የሚናገር መሰላት። አሁን! አውጪኝ ባላት ማግስት!

ያቺን የመደበቂያዋን ዓይን ተጫነቻት። ጠፋ። ከሳቫና ከእሷ መካከል ባዶ ቦታ ቀረ። እንደገና ተጫነች፣ መጣ፣ ሳቀባት።

ስላቪና ከጎኗ ቆማለች። «ልጁ ራሱ አውጪኝ ብሏል። ፊቱ የራሱ ነው፤ አውጪው።»

ባባ ስታሜና ግን ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩን አንኳኩተው ነግረዋታል። «በቀለም አድርገሽ መልሺው። አሁን ካወጣሽው ሕዝቡ በቃ እውነትም ሞቷል ይላል። እኔ በሕያው ልጄ እግዚአብሔር ያጽናዎት ስባል ልኑር? ደግሞም እዚህ ነው ያደገው። መጨረስ አለመጨረሱን ማን ጠየቀ?»

ሁለቱም እውነት ነው! የሚያናድደውም እሱ ነው! ካስገባችው ታሳፍረዋለች፣ ካወጣችው ትቀብረዋለች። ለእሷ ደግሞ ሌላ ሦስተኛ ነገር አለ፣ ለስላቪናም ያልነገረቻት፤ በሕይወቷ ከእሱ ጎን የምትሆንበት ቦታ ምናልባት ያ ሰሌዳ ብቻ ነው።

ስልኳ ጮኸ። የማተሚያ ቤቷ ሴትዮ ናት፤ «ማሽኑን ከፍቻለሁ፣ የት አለሽ?» ትላለች። ዱንያ ጣቷን ያቺ ዓይን ላይ አድርጋ አንዴ ስላቪናን፣ አንዴ ሬልያን ታያለች።

እናንተ ብትሆኑ ግን ምን ታደርጋላችሁ? ትደብቁታላችሁ ወይስ ትተዉታላችሁ?