የላላ ራዲያ የዳቦ ማኅተም

ላላ በቱል፣ ላላ ማለት እመቤት ነው፣ የፌዝ ከተማ ልጅ ናት፤ ያውም ከወንዙ ወዲህ፣ የቀራዊዪን ሰፈር ሰው። ባሏ ሞቷል። አማቷ ላላ ራዲያ ሞተዋል። አንድ ልጇ ጀዋድ ስፔን አገር የጭነት መኪና ሲነዳ ገደል ገብቶ በሣጥን መጣላት። ሰባት ክፍል ቤት ለአንዲት መበለት ምን ያደርግላታል? ግድግዳ እንደሆነ አያጫውት። ስለዚህ ሦስቱን ክፍል ለፈረንጅ ታከራያለች፤ ጠዋት ጠዋት አንሶላ እየቀየረች፣ "ምነው አላህ፣ አንድ ዘር እንኳ ሳይተካ ወሰድክብኝ" እያለች ታለቅሳለች። ለቅሶዋ የሚቆመው እንግዳው ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ነው።

እንግዶቹንም ቢሆን አትወዳቸውም። መሪ ይዞ የሚመጣው ደህና ነው፤ ያሳዩትን አይቶ፣ ያበሉትን በልቶ ይሄዳል። መከራው ብቻውን የሚዞረው ነው። ቀኑን ሙሉ በየጉራንጉሩ ሲባዝን ይውልና ማታ እራት ላይ ግኝቱን ያወራል። ግኝት! ሺህ ዓመት ሰው ሲገባ ሲወጣበት የኖረውን በር፣ አንዱ ከአውሮፕላን ወርዶ አገኘሁት ይላል። አህያ አገኘሁ፣ ምንጭ አገኘሁ፣ ጫማ ሰፊ አገኘሁ። ጫማ ሰፊው መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

ኢነስ የምትባለዋ የፖርቱጋል ልጅ ደግሞ የባሰች ናት። ዓረብኛ ተምራለች፣ መሪ አልፈልግም ብላለች፣ ያገኘችውን ሁሉ በስልኳ ታነሳለች። በአምስተኛው ቀን እራት ላይ ላላ በቱል ሾርባ እየቀዳችላት፣

"ዛሬስ ምን አገኘሽ?" አለቻት።

"ዛሬማ ዳቦ አገኘሁ፣ ላላ።"

"ወይ ጉድ! እኛ እኮ እስከ ዛሬ ድንጋይ ነበር የምንበላው።"

ኢነስ ሳቀችና ስልኩን አቀበለቻት። "ከወንዙ ማዶ ነው። አንዲት ሴት ቤቷ ጋግራ በመስኮት ትሸጣለች። እንዲህ የሚጣፍጥ በልቼ አላውቅም። ላዩ ላይ ያለውን ሥዕል ይዩልኝ።"

ላላ በቱል መነጽሯን አደረገች። ዳቦው ላይ ኮከብ ታትሟል። ስምንት ጫፍ የነበረው ኮከብ፣ ስምንተኛው ጫፍ ተሰብሮ ሰባት የቀረው። ጭልፋው ከእጇ ወደቀ።

ያንን ስባሪ ታውቀዋለች። ጀዋድ ጥርስ ሲያወጣ ነክሶ የሰበረው ነው።

በነሱ ሰፈር ሊጡ በየቤቱ ይቦካል፣ የሚጋገረው ግን ባ ዓላል የሚባለው ጋጋሪ ዘንድ በአንድ ምድጃ ነው። የአንዱ ከሌላው እንዳይደባለቅ ቤቱ ሁሉ የራሱን ምልክት ያትማል። የላላ ራዲያ ቤት ማኅተም ከወይራ እንጨት የተቀረጸ፣ ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ነበር። አማት ስትሞት ለምራት ያልፋል፤ የዚያን ጊዜ ምራት የቤቱ እመቤት ትሆናለች። ላላ በቱል ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ተራዋን ጠበቀች። ላላ ራዲያ በሞቱ ዕለት፣ ይቅር ይበላትና፣ እንባዋ ሳይደርቅ የአማቷን የዕቃ ሣጥን ከፈተች። ማኅተሙ የለም።

እቤት ውስጥ የነበረች የባዕድ እጅ አንዲት ናት፤ ኢቶ፣ ከተራራ የመጣች ሠራተኛ። ሦስት ዓመት አልጋ ላይ የዋሉትን አሮጊት ያጠበች፣ ያጎረሰች፣ ያገላበጠች እሷ ነበረች። ላላ በቱል ግን ይህን ለመቁጠር ጊዜ አልነበራትም። በፀጉሯ ይዛ ከበር አወጣቻት። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዳቦዋን በሦስት ጣቷ እየወጋች ወደ ምድጃው ትልካለች። ባ ዓላልም እንደ ቀልድ፣ "ይሄ የጣት ዳቦ የማን ነበር?" ባለ ቁጥር ጉበቷ ይቆስላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? እሷም ቂሟን አልለቀቀችም።

"ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል!" አለች ስልኩን እያየች። "ይቺ ግን የባሰች፤ ማኅተሙን ላሰችው! ነገ ትወስጂኛለሽ።"

"የት?" አለች ኢነስ።

"ወደ ግኝትሽ ነዋ!"

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጀለቢያዋን ለብሳ ወጣች። ኢነስ ስልኳን እያየች ከፊት፣ እሷ ከኋላ። ላላ በቱል ስድሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ሰፈር ግን ለቀብር ካልሆነ ረግጣው አታውቅም። የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ማዶ ያሉት ሰዎች ለሷ ቆዳ የሚነክሩ፣ ከገጠር የፈለሱ፣ ምግባቸው ቅመም የሌለው ነበሩ፤ ማን ነግሯት እንደሆነ እሷም አታውቅም። አንድ ቦታ ላይ መንገዱ በሦስት ተከፈለና ግራ ገብቷት ቆመች። ቆዳ የጫነ በቅሎ ከኋላ መጥቶ ሊደፈጥጣት ነበር።

"መንገድ! መንገድ!" አለ ባለበቅሎው። "እናቴ፣ ዝም ብለሽ የምትቆሚው ፈረንጅ ነሽ እንዴ?"

"ፈረንጅ አባትህ!" አለች። ኢነስ ግን ክንዷን ይዛ ወደ ግድግዳው አስጠጋቻት። በገዛ አገሯ በባዕድ መመራቷ ከበቅሎው ይበልጥ አንገበገባት።

ቤቱ ሲደርሱ መስኮቱ ሥር አምስት ስድስት ሰው ተሰልፏል። ሽታው ከሩቅ ያውዳል። ከሰልፈኞቹ አንዷ የገዛ ሰፈሯ ሰው ሐጃ ዙበይዳ ናት፤ በየሠርጉ በየለቅሶው የምትገኝ፣ የሰማችውን በሆዷ ማሳደር የማትችል። እሷም ከማዶ ድረስ እየመጣች ዳቦ ትገዛ ኖሯል። ላላ በቱል ይህን ስታይ የባሰ ነደዳት።

"ኢቶ! ውጪ አንቺ ሌባ!" አለች ባለ በሌለ ድምፅዋ። "ሙስሊሞች፣ ይቺ ሴት የሙት ዕቃ የሰረቀች ናት! የአማቴን ማኅተም ሰርቃ ነው ይሄን ሁሉ ዳቦ የምትሸጥላችሁ! ሐራም ነው የምትበሉት፣ ሐራም!"

መስኮቶች ተከፈቱ። አንዱ የያዘውን ዳቦ አገላብጦ ማየት ጀመረ። ኢቶ እጇ ላይ ዱቄት እንዳለ በሩን ከፍታ ብቅ አለች። ወፍራለች፣ ግንባሯ ተሸብሽቧል። ከኋላዋ አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አንገቷን አሰገገች።

"እማ፣ ሴትየዋ ማንን ነው የምትሰድበው?"

"ራዲያ፣ ግቢ ብዬሻለሁ!" አለች ኢቶ።

ላላ በቱል ልጅቷን አየች። የተጋጠመው ቅንድብ። ታችኛውን ከንፈር ወደ ውስጥ መንከስ። ግንባር ላይ ያለችው ሽክርክሪት ፀጉር፣ ስንት ጠዋት በውኃ አርሳ ልታስተኛት የታገለቻት ያች ሽክርክሪት። ጀዋድ ነው። ቀሚስ የለበሰ ጀዋድ! ተንገዳገደችና የበሩን መቃን ያዘች። ስሟ ደግሞ ራዲያ።

"ጩኸቱ ይበቃል፤ ይግቡ" አለች ኢቶ።

ኢነስ ምን እንደሆነ ሳይገባት ደጅ ቀረች። ውስጥ፣ ሊጥ በተደረደረበት ሳንቃ አጠገብ፣ ኢቶ ወንበር ሰጠቻት። ልጅቷን ወደ ጓዳ ላከቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"ማኅተሙን በእጃቸው የሰጡኝ ላላ ራዲያ ናቸው። መፀነሴን ከማንም በፊት ያወቁት እሳቸው ነበሩ። ጀዋድን ጠርተው ፊታቸው ፋቲሓ አስቀርተው ያለ ወረቀት አጋቡን። 'የዚህ ቤት ደም የሚበላው ዳቦ በዚህ ይታተም፤ ለበቱል እኔ እነግራታለሁ' አሉ። በሦስተኛው ቀን አንደበታቸው ተያዘ።"

"ጀዋድስ? ጀዋድ ለምን አልነገረኝም?"

"እርስዎ በፀጉሬ ሲጎትቱኝ ጀዋድ ግቢው መሀል ቆሞ ነበር። ረሱት?"

አልረሳችውም። አንገቱን ደፍቶ ወለሉን እያየ ነበር። ለአያቱ ያዘነ መስሏት፣ የኔ ሆደ ቡቡ ብላ ነበር።

"ይፈራዎት ነበር" አለች ኢቶ። "ከስፔን ሲመጣ ሁለት ጊዜ አይቷታል። በሚቀጥለው ዕረፍቴ ለእናቴ እነግራታለሁ አለኝ። በሚቀጥለው ሣጥኑ መጣ። የአራት ዓመት ልጅ ይዤ ለቅሶ መጣሁ። ሌባ ለቅሶ ቤቴ አይገባም አሉኝ። እጇን ይዣት ነበር፣ ላላ። ቀና ብለው አላዩዋትም።"

ላላ በቱል ደረቷን መታች። ሰባት ዓመት! ዘር ሳይተካ እያለች ያለቀሰችበት ሰባት ዓመት፣ ዘሩ ከወንዝ ማዶ ዳቦ ይበላ ነበር። ወንበሩን ትታ መሬት ወረደችና የኢቶን እጅ ከነዱቄቱ ያዘች።

"ልጄ፣ አፈር ልብላልሽ። ሰባት ክፍል አለ፣ ሁሉም የሷ ነው። ፈረንጆቹን ዛሬውኑ አስወጣለሁ። ስጪኝ። በየሳምንቱ እንኳ ልያት። በአላህ!"

ኢቶ እጇን አላስለቀቀችም። እሷም ዓይኗ ረጥቦ ነበር።

"ቤት አለን። አያት ግን የላትም። በየቀኑ ለምን እኔ ብቻ ትለኛለች። እኔ አልከለክልዎትም፣ ወላሂ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እዚህ ሰፈር ስም እስካወጣ ዕድሜዬ አለቀ፤ እርስዎ አሁን በአንድ ጩኸት ሌባ አደረጉኝ። ነገ ልጄ ትምህርት ቤት የሌባ ልጅ ትባላለች። ስለዚህ ይውጡና፣ በዚያው ድምፅ፣ ለነዚያው ሰዎች፣ የልጄ ልጅ ናት ይበሉ። ማኅተሙም የሷ ነው ይበሉ። ከዚያ ተመልሰው ይግቡ፤ ምሳ አብረን እንበላለን።"

"እላለሁ" አለች ላላ በቱል። "ምን ችግር አለው? እላለሁ!"

ከልቧ ነበር። ተነሣች፣ እንባዋን ጠረገች፣ ሻሿን አስተካከለች። ልጅቷ ከጓዳ ወጥታ እናቷ ጎን ቆማ ነበር፤ ስታልፍ ፀጉሯን ዳሰሰቻት። ሽክርክሪቷ እጇ ላይ ተነሣችባት። በሩን ከፈተች።

ሰዉ ጨምሯል። ከፊት የቆመችው ሐጃ ዙበይዳ ናት።

"በቱል እህቴ፣ ምን ተገኘ? ሰረቀችሽ ወይስ አልሰረቀችሽም?"

ላላ በቱል አፏን ከፈተች። የዙበይዳ ዓይን ሲቁለጨለጭ አየችው። ከቀትር በፊት ወሬው ድልድዩን ይሻገራል፤ ባ ዓላል ምድጃ ዘንድ ይደርሳል፤ የበቱል ልጅ ከተራራ ሠራተኛ ያለ ወረቀት ወልዶ ኖሯል ይባላል። የሳቀችባቸው ሁሉ፣ በየድግሱ ያማቻቸው ሁሉ፣ በተራቸው ይስቃሉ። ሬሳው በመቃብር ያለውን ጀዋድን ሳይቀር ያነሱታል። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው ያሰበችው።

"ተሳስቻለሁ" አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። "ማኅተሙ የኛ አይደለም። ይመሳሰላል እንጂ።"

"እህ! ልጅቷስ? ቅድም ስታያት ልትወድቂ አልነበር? ምንሽ ናት?"

"ምኔም አይደለችም" አለች ላላ በቱል። "የሰው ልጅ ናት። ፀሐዩ ነው ያዞረኝ።"

ተናግራ ሳትጨርስ ዞረች። ልጅቷ ከኋላዋ፣ ደፉ ላይ ቆማ ነበር። ፊቷን አላጠቆረችም፤ ዝም ብላ የማያውቋትን አሮጊት እንደሚያዩ አየቻት።

"ነይ ራዲያ" አለች ኢቶ። "ሊጡ እንዳይኮመጥጥ።" በሩን ዘጋችና ከውስጥ ቀረቀረችው።

ላላ በቱል አንኳኳች። መጀመሪያ በጣቷ፣ ኋላ በመዳፏ። "እላለሁ፣ ክፈቱልኝ፣ አሁን እላለሁ" አለች፤ ግን አፏን ከእንጨቱ አስጠግታ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ። ኢነስ ውኃ ገዝታ አመጣችላት፤ አልጠጣችም። ሐጃ ዙበይዳ ዳቦዋን ይዛ ሄደች። የቀትር ሶላት አዛን ወጣ፣ ሰዉ ሰግዶ ተመለሰ፣ እሷ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታንኳኳለች። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ አዘኑላት፣ ቆይተው ግን ሰለቻቸው። ከፎቅ አንዲት ሴት በመስኮት ብቅ አለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ልጄን አስተኝቻለሁ! ምንሽም ካልሆኑ በሰው ደጅ ምን ያስለቅስሻል?"