ከአንድ ሰዓት የሚጀምር ቀን

ሰው ተመለሰ የሚባለው መቼ ነው? አውሮፕላኑ ሲያርፍ ነው? ሻንጣው ሲፈታ ነው? የእኔ ሻንጣ ትምህርቴን ጨርሼ ከሃንጋሪ ከመጣሁ ጀምሮ ግማሹ ሳይፈታ አልጋ ሥር አለ። ጋሼ ሽኩርም ወረቀት ቤታቸው በገባሁ ቁጥር «እህ ኢዩኤል፣ መቼ ነው የምትሄደው?» ይሉኛል። እኔም እስቃለሁ።

ደብተርና እስክሪብቶ የሚሸጡበት ይህ ወረቀት ቤት ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ባለው ኮምፒውተር ልጃቸው ኢክላስ ቀን ቀን የሰው ማመልከቻ ትጽፋለች። እኔ ከቢሮ ስወጣ ደግሞ ለተጨማሪ ገቢ ብለን መጽሐፍ እንሠራበታለን። መጽሐፍ ማለቱም ያሳፍራል፤ ገዢው ራሱ የሚሞላው የዕለት ማቀጃ ነው። ገጹን ኢክላስ ትነድፋለች፤ እኔ እንግሊዝኛውን አቃናና ውጭ አገር ባለ ድረ ገጽ ላይ እጭነዋለሁ። አንድ ሰው መጽሐፉን ሲያዝዝ እዚያው በአገሩ አንድ ቅጂ ታትሞ በፖስታ ይላክለታል። እኛ መጽሐፋችንን በእጃችን ነክተነው አናውቅም።

«ወረቀት ቤት ተቀምጦ ወረቀት የማይነካ መጽሐፍ!» ይላሉ ጋሼ ሽኩር። «አንተስ አየር ላይ መኖር ለምደሃል። ልጄን ግን ይዘህብኝ እንዳትበር።»

ኢክላስን አንድ ነገር አስጠንቅቀዋት ነበር፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ ከዚህ ሱቅ አይወጣም፣ ከወጣም ሥራው በዚያው ቀን ይቆማል። ለኢክላስ ደግሞ ማቀጃው የመጀመሪያዋ የራሷ ሥራ ነው። እስከዚያ ድረስ የጻፈችው ሁሉ የሌላ ሰው ስም ያለበት ነበር።

አንድ ሐሙስ ምሽት ስልኬ ጮኸ። አንዲት ገዢ አስተያየት ጽፋለች። የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው፦ «ሰዓቶቹ የተሳሳቱ ናቸው።»

ገጹን ከፍተን አየነው። ከላይ ኢክላስ በእጇ የሣለቻት ትንሽ ፀሐይ፣ ከሥሯ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ አሥራ ሁለት። ከዚያ ትንሽ ጨረቃ፣ ከዚያ እንደገና አንድ።

«የቱ ጋ ነው ስህተቱ?» አለች።

መጀመሪያ እኔም አልታየኝም። ሲታየኝ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። «ኢክላስ፣ ፈረንጅ ጋ እኮ ጠዋት አንድ ሰዓት የሚባል የለም። ሰባት ነው የሚሉት።»

«ሰባት ሰዓትማ ምሳ ነው!» ዞር ብላ አፈጠጠችብኝ። «ደግሞ አንተ አይደለህ እንዴ ያየኸው? እዚያ የኖርከው እኔ ነኝ?»

እውነቷን ነው። እዚያ ሳለሁ በየጠዋቱ በሰባት ስነሳ ኖሬ፣ ይህን ገጽ ደጋግሜ ሳየው አንዴም አልቆረቆረኝም። ዓይኔ ሳይነግረኝ ቀድሞኝ ተመልሶ ነበር።

«ከድረ ገጹ እናውርደው» አልኩ።

«ቀስ በል፣ አባዬ ይሰማል።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ጋሼ ሽኩር። መነጽራቸውን እየጠረጉ መጡ። «ጎደሎ ዕቃ ነው?»

ኢክላስ አልዋሸችም። «ሰዓቱ የእኛ ሰዓት ነው፣ አባዬ። ለእነሱ አይሆንም።»

«እንግዲያው አውርጂው። ተነጋግረናል።»

«እሺ። ሴትየዋ ያለችውን ግን ጨርሰን እናንብብ።»

ኔትወርኩ ተንቀረፈፈ። ሦስታችንም ባዶ ነጭ ገጽ ላይ አፍጥጠን ቆየን። በመጨረሻ ጽሑፉ መጣ፤ እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው።

«ሰዓቶቹ የተሳሳቱ ናቸው። ልመልሰው አሽጌው ነበር። ከዚያ ያቺ ፀሐይ ትዝ አለችኝና ፈታሁት። የምኖረው በብርዱ ወራት ብርሃን ለጥቂት ጊዜ ብቻ በሚታይበት ደሴት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የሌሊት ነርስ ነበርኩ፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኔ ከየት እንደሚጀምር ጠፍቶኝ ነበር። አሁን ብርሃን ሲመጣ አንድ ብዬ እጀምራለሁ። ይህን ያሰበው ማን ይሆን?»

ከሥሩ ፎቶ ነበር። መስኮት፣ ከመስኮቱ ውጭ በረዶ፣ ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ መጽሐፋችን። ጥጉ ታጥፏል። ከፀሐይዋ ሥር፣ አንድ ቁጥር አጠገብ፣ በማናውቀው ቋንቋ በሰማያዊ እስክሪብቶ የሆነ ነገር ተጽፏል።

ኢክላስ ጣቷን የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ አሳረፈች። «መጽሐፋችን ወፍራም ነው» አለች በሹክሹክታ። «እንዲህ ወፍራም አይመስለኝም ነበር።»

እኛ የምንቆጥረው ሰዓት፣ ማናችንም በማናውቀው ቤት፣ በበረዶ መሃል ጠዋትን እየከፈተ ነው።

ጋሼ ሽኩር ፎቶውን ብዙ ካዩ በኋላ «ሱብሃነላህ» አሉ። ቀጥለውም፣ «አትመልሰውም ማለት ነው?»

«አትመልሰውም፣ አባዬ።»

«ሰው የሠራበትን ዕቃ ምን ብዬ ጎደሎ ልበለው? ተዉት። ይልቅ ፎቶውን አትሚልኝ፤ በቀለም።»

ወረቀቱን ከማተሚያው በትኩሱ ተቀብለው ከባንኮኒው በላይ ለጠፉት። መብራቱን ሊያጠፉ ሲነሱ «ነገስ በስንት ሰዓት ትመጣለህ?» አሉኝ። መቼ ትሄዳለህ አላሉኝም።

ከአስተያየቱ ሥር መልእክት መላኪያ ነበር። ከመውጣታችን በፊት ኢክላስ እየነገረችኝ ጻፍኩ፦

«ኢክላስ እባላለሁ። አዲስ አበባ፣ ፒያሳ ነኝ። አስቤው አይደለም፤ እዚህ ቀን ድሮም የሚጀምረው እንዲህ ነው። አሁን ምሽት አንድ ሰዓት ሆነ፤ ጨረቃዋ ጋ ደርሰናል። እርስዎ ጋስ?»

ላክነው።