ደጃፉ ላይ የተገተረው ፕሮቲን

በቤተ ሙከራው ውስጥ «አፍሳ ለቃሚ» ይሏት ነበር፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ። እሷም አትቀየም፤ ሲጠሯት አቤት ትላለች።

ሥራዋ ከእርሾ ጋር ነው፤ ያው ሊጥ ከሚያቦካው። እርሾ አንዱ ለብቻው በዓይን አይታይም፣ በሆዱ ግን ጂን የሚባሉ ብዙ የዘር መልእክቶች ተሸክሟል። መልእክቱ ሥራ ላይ እንዲውል መጀመሪያ መገልበጥ አለበት። ገልባጩ ፕሮቲን ነው፤ ታዲያ እሱም ደስ ባለው ቦታ ዘው አይልም። በየመልእክቱ ደጃፍ ሌሎች ፕሮቲኖች ይጠብቁታል፤ አንዱ «ግባ» ይለዋል፣ ሌላው «ወግድ»።

አፍሳ ለቃሚ ከነዚህ አንዱን ደጃፉ ላይ ተገትሮ አገኘችውና «ዘበኛው» አለችው። ስም ወጣለት፤ ሰዉም ተቀበለው። ዘበኛ ከሆነ ከልካይ ነው፣ እሱ ከተነሣ ገልባጩ እንደልቡ ይገባል ብላ ደመደመች። መልእክቱ ሲገለበጥ እርሾው አረንጓዴ እንዲያበራ አደረገች። ዘበኛው ያለበት እርሾ ደብዘዝ ብሎ በራ። እሱን ያወጣችበት ቦግ ይላል ብላ ብትጠብቅ፣ ድርግም። «ሞቶብኛል» ብላ ደፋችው። ደግማ አራባች፣ ጨለመ፣ ደፋች። ስታራባ ስትደፋ ከረመች።

ክፍሉን የሚመሩት እትዬ በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ዛሬም ካልበራ ጠረጴዛሽን ለረዥሙ እሰጠዋለሁ» አሏት። ረዥሙ የተባለው ባልደረባ ዕቃውን በካርቶን አሽጎ በሩ ላይ ቆሟል።

እርሾው የሚራባበት ሳህን ያን ቀንም ጨለማ ነው። ልትደፋው አንሥታ፣ የመጨረሻ ዕድሏ ስለሆነ ብቻ በማይክሮስኮፕ አየችው። ሕዋሳቱ ይራባሉ። ሞቱ ብትል ያዝኑላት ይሆናል፤ እውነቱን ብትናገር የለፋችበት ሐሳብ ገደል ገባ።

«እትዬ፣ አልሞቱም» አለች።

«ታዲያ ለምን አይበሩም?»

«ዘበኛው ስለሌለ ይመስለኛል። ከልካይ አይደለም፤ ጠሪ ነው። ገልባጩን እጁን ይዞ የሚያስገባው እሱ ነው።»

«የደፋሻቸውስ?»

«እነሱም ደኅና ነበሩ።»

«ስም ያወጣችለት ለት ፈርዳበታለች» አለ ረዥሙ።

«አንተም ዘበኛው፣ ዘበኛው ስትል አልነበር? አርፈህ ቁም» አሉት እትዬ። ወደ እሷ ዞሩና፣ «በይ ፕሮቲኑን መልሽበት። ከበራ ጠረጴዛው ያንቺ ነው። ካልበራ አብረን እናፍራለን።»

መለሰችበት። እርሾ በጥድፊያ አያድግም፤ ጠበቀች። ሳህኖቹን ጎን ለጎን ስታያቸው፣ የተመለሰበት እንደ ድሮው ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ያልተመለሰበት እንደ ጨለመ ነው። እትዬ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ቀና ብለው ደግሞ አዩና ወጡ።

ጠረጴዛው ቀረላት። ስለ ዘበኛው የጻፈችው ጽሑፍ ግን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ መቃናት አለበት። ያን ለትም ካርቶኑን ይዞ የመጣው ረዥሙ መሬት አስቀምጦት ከጎኗ ወንበር ሳበ።

«እስኪ አምጪው፤ እኔ ከየት ጀምሬ ልሰርዝልሽ?» አላት።