በኢክራም አፍ ውስጥ የበራው

መርሳ ውስጥ፣ ጎረቤት ሰርግ ላይ፣ አመሻሹን መብራት ጠፋ። ሀስና የሦስት ዓመት ልጇ ኢክራም በሰው መሃል እንዳትጠፋባት፣ ጎበጥ ሲያደርጉት ውስጡ ያለው ፈሳሽ የሚያበራ የፕላስቲክ ዘንግ እጇ ላይ አሰረችላት። ሀስና ከሩቅ ሆና ዓይኗን ከአረንጓዴው ብርሃን አልነቀለችም።

ጥቂት ቆይቶ ብርሃኑ ወደ ልጅቷ አፍ ሄደ። ሀስና ሮጣ ስትደርስ ልጅቷ ዘንጉን ነክሳ በስታዋለች፤ ምላሷና ከንፈሯ ያበራሉ።

«መረረኝ» አለች ኢክራም።

የሀስና አክስት እትዬ ቡርቱካን ጣታቸውን ወደ ልጅቷ ጉሮሮ ሊሰዱ ሲሉ፣ ሀስና «ይቆዩ አክስቴ፣ አያስመልሷት» አለችና ወልድያ መድኃኒት ቤት ለሚሠራው ወንድሟ ለአብዱልሐሊም ደወለች።

«ማስመለስ ይቅር» አላት። «የዘንጉ ስባሪ እንዳለ አፏን እዪ። በውሃ አጉመጥምጪያትና ውሃ አጠጫት። ዓይኗን እንዳታሽበት እጇንም እጠቢ። ትንፋሽ ካጠራት ግን ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።»

እንዳላት አደረገች። ስባሪ አልነበረም። ሀስና ግን መቀመጥ አቃታት፤ ልጅቷን ታቅፋ ድንኳኑን እየዞረች ትንፋሿን ታዳምጣለች፣ በስልኳ መብራት አፏን ደጋግማ ታያለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት። ተቀመጪ ልጄ» አሏት እትዬ ቡርቱካን።

መብራት ሲመጣ ኢክራም ልጨፍር ብላ አለቀሰች። ሀስና አወረደቻት፤ እጇን ግን ቤት እስኪገቡ አልለቀቀችም።